ሸክላው ሲዞር

እሑድ ከሰዓት በኋላ ኢምፔሪያል አካባቢ መስኮት ከፍቶ ዘፈን መስማት ዘበት ነው። ከቀለበት መንገዱ የመኪናው ጩኸት፣ ከታክሲው በር «መገናኛ! መገናኛ!» የሚለው ረዳት፣ ከላይ ደግሞ ወደ ቦሌ የሚወርደው አውሮፕላን አለ። ስለዚህ መስኮቱን እዘጋና ቡፌው ላይ ያለውን የአባቴን የሸክላ ማጫወቻ ክዳን አነሳለሁ። ልጆቼ ይህን ሲያዩ ምንጣፉ ላይ ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። መጀመሪያ ሁለት ሸክላ እንሰማለን፣ ቀጥሎ አንድ የድሮ ካርቱን እናያለን፣ ከዚያ ወደ ሸክላው እንመለሳለን። የቤታችን የእሑድ ደንብ ይኸው ነው።

ላስተዋውቃችሁ የፈለግሁት ይህንን ማጫወቻ ነው። የካፌ ጌጥ ሆኖ ያላየው ሰው ጥቂት ነው፤ ሲዘፍን የሰማው ግን ከዚያም ያንሳል።

ከላይ ክብ ሰሃን፣ ከሥሩ ሞተር አለው። የእኛው ሞተር ሰሃኑን የሚያዞረው በቀጭን የጎማ ቺንጋ ነው። ያ ቺንጋ በእርጅና ላልቶ ዘፋኙ ሁሉ ብርድ እንደያዘው ሰው እየተንቀጠቀጠ ሲዘፍን ከርሞ ነበር። አንድ ጠጋኝ «ሞተሩ ተቃጥሏል፣ ጣይው» አለኝ፤ ሌላው ቺንጋውን ብቻ ቀይሮ አስነሳው። ከሰሃኑ ጎን ክንድ አለ፤ በክንዱ ጫፍ ላይ ዓይን በቅጡ የማያያት መርፌ ተሰክታለች።

ሸክላው ላይ የሚታየው መስመር ብዙ ክብ ይመስላል እንጂ ከዳር ተነስቶ እስከ መሀል የሚጠመዘዝ አንድ ረጅም ቦይ ነው። ሲቀረጽ ድምፁ እንደተወዛወዘ የቦዩ ግድግዳም ተወዛውዟል። መርፌዋ በዚያ ውስጥ ስትሄድ ትንቀጠቀጣለች፤ ከጀርባዋ ያሉት ማግኔትና የመዳብ ሽቦ ንቅናቄዋን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጡታል፤ ማጉያው አጉልቶ ወደ ስፒከሩ ይልከዋል። ለልጆቼ ይህን ያስረዳኋቸው በንግግር አይደለም። ድምፁን ሙሉ በሙሉ ዘጋሁትና «ጆሯችሁን ወደ መርፌዋ አስጠጉ» አልኳቸው። ከመርፌዋ ከራሷ፣ ከትንኝ ድምፅ ብዙም የማይበልጥ ዘፈን ይሰማል። ትልቁ ልጄ «እዚህ ውስጥ ሰው አለ!» ብሎ ጮኸ።

ስሙ ሸክላ ይባል እንጂ ከሸክላ አልተሠራም። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩት የጥንቶቹ ሼላክ ከሚባል፣ ትናንሽ ነፍሳት ከሚያመነጩት ሙጫ የሚሠሩ ነበሩ። ከእጅ ካመለጡ እንደ ጀበና ነው የሚሰበሩት፤ ስሙ ይገባቸዋል። በኋላ ቪኒል የሚባለው ፕላስቲክ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1948 በደቂቃ 33 ከሲሶ የሚዞረው ትልቁ ሸክላ፣ በዓመቱ ደግሞ 45 የሚዞረው ትንሹ ወጣ። የእኛ አገር የወርቅ ዘመን ዘፈን በብዛት የሚገኘው በዚህ በትንሹ ላይ ነው፤ በአንድ ገጽ አንድ ዘፈን፣ ሦስት አራት ደቂቃ።

የተቀረጸ ድምፅ ወደ አገራችን የገባው ግን ከዚያ እጅግ ቀድሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ መልእክታቸውን በሲሊንደር ላይ በድምፅ ቀርጸው ልከዋል፤ ከተደመጠ በኋላ እንዲጠፋ ታዝዞ ስለነበር ያ ድምፅ ዛሬ የለም። ቆይቶም ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ሄደው ዜማቸውን በሸክላ አስቀረጹ።

ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ ባልልም፣ በር የሚዘጋ ደንብ መጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ይህን የደፈረው ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣት አምሐ እሸቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 አለማየሁ እሸቴን አስቀርጾ፣ እዚህ ማተሚያ ስላልነበረ ቅጂውን ሕንድ ልኮ አሳተመው። አምሐ ሪከርድስ እ.ኤ.አ. በ1975 እስኪያበቃ ድረስ 103 ትንንሽና 12 ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ። በዚያው ዘመን የዓሊ አብደላ ካይፋ ሪከርድስም ነበር፤ የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» የእሱ ሥራ ነው። በመሀሉ ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ የሌሊቱ ጭፈራ ተዘጋ፤ ካሴትም ሸክላን ከገበያ አወጣው። እነዚያን ዓመታት ሳስብ የሚቆጨኝ የእድሜያቸው ማጠር ነው። አንድ ሰው ሕግ ጥሶ በሩን ከፈተ፣ ስድስት ዓመት ያህል ሠራ፣ እኛ ደግሞ እስከ ዛሬ ያንኑ እየሰማን ነው።

ካርቱኑ ምን አገባው ትሉኝ ይሆናል። በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥናችን ከተጀመረ ወዲህ ያደግን ልጆች ከአባባ ተስፋዬ ተረት እኩል የምንጠብቀው ካርቱን ነበር፤ ከካርቱንም «ቶም ኤንድ ጄሪ»። ዊሊያም ሃናና ጆሴፍ ባርቤራ እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1958 ድረስ 114 አጫጭር ፊልሞች ሠርተዋል። ድመቱና አይጡ አይነጋገሩም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ አስተርጓሚ አላስፈለገንም። ትልቅ ሰው ሆኜ ዳግም ሳየው ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ ለካ ሙዚቃው ነበር የሚናገረው። ስኮት ብራድሌይ የተባለው የሙዚቃ ደራሲ እያንዳንዷን እርምጃ፣ እያንዳንዷን መውደቅ በኖታ ይጽፋት ነበር፤ የሚጫወተውም እውነተኛ ኦርኬስትራ ነው። ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ነው። በሰባት ደቂቃ ካርቱን ውስጥ ከ10,000 በላይ ምስል ያልፋል፣ ሙዚቀኞቹም ከዚያ ሁሉ ጋር እርምጃ ጠብቀው ይሄዳሉ።

ታናሿ ልጄ አንድ እሑድ «እማዬ፣ ድመቱ ሲወድቅ የሚጮኸው ምንድነው?» አለችኝ። «ትራምፔት ነው» አልኳት። ካርቱኑ ሲያልቅ የአለማየሁን ሸክላ አስቀመጥኩ። መርፌዋ ሽሽሽ ብላ ገባች፣ ነፋሹ ሁሉ በአንድ ላይ ተነሳ፣ ልጅቷም ብድግ ብላ «እማዬ፣ ቅድም የወደቀው ነው!» አለች። እኔ በዕድሜዬ ያልለየሁትን እሷ በአንድ ከሰዓት ለየችው። ያኔ ሁለቱን ማፈራረቁ ለምን እንደሚያምር ገባኝ። ሁለቱም የተሠሩት ሰዎች አብረው ተቀምጠው፣ አብረው ተንፍሰው ነው። የአንዱ ሳክስፎን ለአንዱ ዘፋኝ ሲል ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ይሰማል።

የማጫወቻውን ፍጥነት መቀየሪያ ደግሞ ልጆቼ ያገኙት በራሳቸው ነው። 33 የሚዞረውን ትልቅ ሸክላ በ45 ሲያስኬዱት ጎልማሳው ዘፋኝ አይጥ ሆነ፤ ሳቁ ጎረቤት ድረስ ተሰማ። እ.ኤ.አ. በ1958 ሮስ ባግዳሳሪያን አልቪን የሚባለውን ዘፋኝ ሽኮኮና የጓዶቹን ድምፅ ያመጣውም በዚሁ ዘዴ ነው፤ ዝግ ባለ ፍጥነት ቀርጾ ሲያጫውት አፈጠነው። ባግዳሳሪያን የአርመን ልጅ ነበር። ለእኛም ሙዚቃ አርመኖች ባለውለታዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባዎቹ ልጆችና መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የቤተ መንግሥት የነፋሽ ባንድ ሆኑ። ዛሬ ከሸክላው የሚወጣው ነፋሽ ከዚያ ዘር ነው።

ማጫወቻ ያላችሁ ሰዎች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሸክላውን በሚስማር ግድግዳ ላይ አትምቱት። ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይላወሳል፤ እዚያ ላይ የተቸነከረው ሰው የዘፈነው ነው። ቁሙን ደርድሩት፣ ፀሐይ አታስመቱት፤ ይጣመማልና። በጠርዙና በመሀሉ ያዙት እንጂ ቦዩን በጣት አትንኩት። ከማስቀመጣችሁ በፊት አቧራውን በለስላሳ ጨርቅ እንደ ቦዩ አዟዟር ጥረጉ። መርፌዋ በተለምዶ ከ500 እስከ 1,000 ሰዓት ድረስ ታገለግላለች፤ ካለቀች በኋላ ሸክላውን ትፍቀዋለች። የድሮ ሸክላ ማግኘት ካልሆነላችሁም ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ሥራ የዚያን ዘመን ዘፈኖች ዳግም አሳትሟል፤ ከነሱ መጀመር ይቻላል።

መብራት ሲሄድ ማጫወቻውም አብሮ ይቆማል፤ ከመርፌዋ ላይ በስሱ የሚሰማው ዘፋኝ እየከበደ፣ እየከበደ ሄዶ ፀጥ ይላል። ልጆቹ ያንን እንደ ትርኢት ነው የሚያዩት። መብራቱ ሲመጣም ካቆመበት አንስቶ ቀስ እያለ ይነቃል። ዘፈኑ ሲያልቅ ደግሞ መርፌዋ መሀሉ ላይ ደርሳ ጭክ፣ ጭክ፣ ጭክ ማለት ትጀምራለች። ራሷን አታነሳም፤ ከተቀመጡት አንዱ መነሳት አለበት። ትልቁ ታናሿን ያያል፣ ታናሿ እኔን ታያለች፤ በመጨረሻ እሷ ተነስታ በሁለት እጇ ጠርዙን ይዛ ትገለብጠዋለች።