የሞርስ መምቻና ሳተላይት በአንድ ቴምብር

ግንቦት 9 ቀን 1957 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 17፣ 1965) በጅቡቲ አንድ አዲስ የአየር መልእክት ቴምብር ወጣ። በላዩ የስልክ እንጨቶች፣ የሞርስ መምቻና ሲንኮም የተባለው ሳተላይት አብረው ተስለውበታል። ያን ጊዜ ጅቡቲ የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ ትባል ነበር። ይኸው ሥዕል ዋጋው እየተለየ በሌሎች ስድስት የፈረንሳይ ግዛቶችም ታትሟል፦ በኮሞሮስ፣ በኒው ካሌዶኒያ፣ በፈረንሳይ ፖሊኔዥያ፣ በዋሊስና ፉቱና፣ በሳን ፒየርና ሚክሎን፣ እንዲሁም ከተመራማሪዎች በቀር ነዋሪ በሌለበት በደቡብ ዋልታው ግዛት።

ቴምብሩ የወጣው የዓለም አቀፉን የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት 100ኛ ዓመት ለማክበር ነው። ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ1865 በፓሪስ ሲመሠረት የፈረሙት 20 የአውሮፓ መንግሥታት ነበሩ። ከዚያ በፊት ቴሌግራም ድንበር ላይ ሲደርስ ይቆም ነበር፤ ሠራተኛው በወረቀት ገልብጦ ለጎረቤት አገር ባልደረባው ይሰጣል፣ ያም እንደ አዲስ ይመታዋል። ስምምነቱ ይህን መጉላላት ለማስቀረት የሞርስን ፊደል የጋራ መጻጻፊያ አደረገው። ስለዚህ መምቻው በቴምብሩ ላይ ቦታ ማግኘቱ ተገቢ ነው።

ሳተላይቱ ግን የበለጠ ይስበኛል። ቴምብሩ ሲወጣ የሲንኮም ዝና ገና ትኩስ ነበር። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1963 የመጠቀው ሲንኮም 2 ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጥቶ፣ መሬት በራሷ ዛቢያ አንድ ጊዜ በምትዞርበት ጊዜ እሱም አንድ ዙር የሚጨርስ የመጀመሪያው ሳተላይት ሆነ። በወሩ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ከዋሽንግተን፣ የናይጄሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር አቡበከር ታፋዋ ባሌዋ ደግሞ ሌጎስ ወደብ ላይ ከቆመች መርከብ ሆነው በእሱ በኩል በስልክ ተነጋገሩ። ሁለት የመንግሥት መሪዎች በሳተላይት በቀጥታ ሲነጋገሩ ያ የመጀመሪያው ነው፤ አንደኛው አፍሪካዊ መሆናቸው ብዙ ጊዜ አይነሳም፣ መነሳት ግን አለበት። በዓመቱ ደግሞ አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ያገኘበት የቶኪዮ ኦሎምፒክ ሥርጭት ፓሲፊክን ተሻግሮ አሜሪካ የደረሰው በሲንኮም 3 አማካይነት ነው።

የኅትመቱ ጥበብም ሊነገርለት ይገባል። ቀራጩ ሥዕሉን በቴምብሩ ልክ፣ ግራና ቀኙን አዙሮ፣ በሹል መቅረጫ ብረት ላይ መሥመር በመሥመር ይፈለፍለዋል። በኅትመት ጊዜ ቀለሙ በተፈለፈለው መሥመር ውስጥ ብቻ ይቀርና ወረቀቱ በኃይል ሲጫነው ቀለሙን ስቦ ያወጣል። በዚህ መንገድ የታተመ ቴምብር በጣት ጫፍ ቀስ ተብሎ ሲዳሰስ መሥመሮቹ ከወረቀቱ ከፍ ብለው ይታወቃሉ።

በዚያ ዘመን ከጅቡቲ በአውሮፕላን የተላከ ደብዳቤ በቤተሰብ ሣጥን ውስጥ ካገኛችሁ ቴምብሩን በውኃ ነክራችሁ አትላጡ። ማኅተሙ የተላከበትን ቀንና ከተማ፣ ፖስታው ደግሞ የላኪውንና የተቀባዩን ስም ይዟል፤ ቴምብሩ ከነፖስታው ሲቀመጥ ለሰብሳቢም ለታሪክ ጸሐፊም የበለጠ ይጠቅማል።