ወንዶች ልጆቻችን ከስልክ የሚማሩት
ወንድ ልጅ ሴትን ማክበርን ወይም መናቅን የሚማረው ዛሬ በቤቱ ብቻ አይደለም። ቲክቶክ፣ ልጁ በየትኛው ትዕይንት ላይ እንደ ቆየ እየቈጠረ ያንኑ የሚመስል ያቀርብለታልና፣ የሰውነት ማጠንከሪያ ስፖርት ሊያይ የገባ ብላቴና ሳያስበው ሴትን ከሚያዋርድ ተናጋሪ ዘንድ ሊደርስ ይችላል። ስለ ሴቶች በንቀት በመናገር የታወቀውን አንድሩ ቴትን እ.ኤ.አ. በ2022 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ቢያግዱትም፣ ሌሎች ንግግሩን እየቈራረጡ ማሰራጨታቸውን አልተዉም።

እንግዲህ ማገድ ብቻውን አይበቃም። ስልኩን ከመንጠቃችን በፊት «ይህ ሰው ስለ እኅትህ እንዲህ ቢናገር ትወዳለህን?» ብለን ልጁን እንጠይቀው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን አባት ሚስቱን በልጁ ፊት በምን ቃል ይጠራታል? ልጁ ከስልኩ ቀና ሲል የሚሰማው ይህንኑ ነውና፣ እኛ አባቶች አንደበታችንን እንጠብቅ።