ዓሣን ወደ መንጠቆ የሚጠራው ዘይቱ ነውን?

ዐቢይ ጾም ሲገባ በአዲስ አበባ የዓሣ ተፈላጊነት ይጨምራል። በየካ ክፍለ ከተማ፣ በእንጦጦ ተራሮች ጥግ በምትገኘው ካራ ሐይቅም ባሕርም የለም፤ ሆኖም ከየሱቁ መደርደሪያ ላይ የሰርዲን ቆርቆሮ አይጠፋም። እኛም አንድ ቀን በዚያው በካራ አንድ ቆርቆሮ ከፍተን ከዘይቱ ጥቂት ጠብታ ውኃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ብንጨምር፣ ዘይቱ ከውኃው ሊዋሐድ ቀርቶ በላዩ ተንሳፈፈ። በቆርቆሮ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ከዕፅዋት የተገኘ ዘይት ቢሆንም፣ የዓሣ ዘይትም በዚህ ጠባዩ ከእርሱ አይለይም።

ይህ ተራ ነገር አንድ ጥያቄ አስነሣብን። በብሪታንያና በኖርዌይ የባሕር ዳርቻ ቆመው ኮድ የተባለውን ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች፣ በመንጠቆአቸው ላይ እንደ ማኬሬልና ሄሪንግ ያሉ ዘይታማ ዓሦችን ቁራጭ ማባበያ አድርገው ይሰካሉ። ምክንያቱን ሲናገሩ «ዘይቱ ሽታውን ይዞ ይሄዳል» ይላሉ። ይሁን እንጂ ኮድ አብዛኛውን ጊዜ የሚመገበው በባሕሩ ወለል አጠገብ ነው። ታዲያ ሽቅብ የሚንሳፈፍ ዘይት ታች ያለውን ዓሣ እንዴት ሊጠራ ይችላል?

ዘይቱ የሚከማችበት ስፍራ

ውድ አንባብያን፣ ብዙዎቻችን በልጅነታችን የጠጣነው «የዓሣ ዘይት» ከኮድ ጉበት የሚወጣ፣ በቫይታሚን ኤ እና ዲ የበለጸገ ዘይት ነው። ኮድ ስቡን የሚያከማቸው በጉበቱ ስለሆነ፣ የሥጋው ስብ ከአንድ በመቶ እምብዛም አይበልጥም። ማኬሬል ግን ዘይቱን በጡንቻው ውስጥ ይይዛል፤ መጠኑ ከወቅት ወቅት ቢለያይም ከ20 በመቶ በላይ ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ ማኬሬልን «ዘይታማ ዓሣ»፣ ኮድን ደግሞ «ነጭ ሥጋ ያለው ዓሣ» የሚያሰኛቸው ይህ ልዩነት ነው።

የዓሣ አፍንጫ ምን ያሸታል?

የዓሣ አፍንጫ ከመተንፈሻ አካሉ ጋር የተያያዘ አይደለም። ውኃ በአንዱ ቀዳዳ ገብቶ በሌላው ሲወጣ፣ በመካከሉ የሚገኙት የማሽተት ሕዋሳት በውኃው ውስጥ የሟሙትን ሞለኪውሎች ይለያሉ። ዓሣን ከሚማርኩት ሞለኪውሎች ዋነኞቹ አሚኖ አሲዶች ናቸው፤ እነዚህም በውኃ እንጂ በዘይት የሚሟሙ አይደሉም። በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮንኛ ሞል ያነሰ አሚኖ አሲድን የሚያሸቱ ዓሦች አሉ።

ይህን በቤተ ሙከራ ማረጋገጥ የሚሻ ተማሪ አይቸገርም። ጥሬ የዓሣ ቁራጭ ለጥቂት ጊዜ በውኃ ውስጥ ነክሮ፣ ከውኃው ጥቂት ወስዶ የኒንሃይድሪን ሙሙት ከጨመረበት በኋላ ቢያሞቀው ወደ ሐምራዊ ቀለም ሲለወጥ ያያል። ቀለሙ የአሚኖ አሲድ ምልክት ነው። ንጹሕ ዘይት ግን ይህን ቀለም አይሰጥም።

ታዲያ አጥማጆቹ ተሳስተዋልን? በማባበያው ምርጫ አልተሳሳቱም፤ የተሳሳቱት በምክንያቱ ላይ ይመስለናል። እንደ ማኬሬል ያሉ ዓሦች ያለ ዕረፍት የሚዋኙ ስለሆኑ ጡንቻቸው ሂስቲዲን በተባለው አሚኖ አሲድ የበለጸገ ነው። ሥጋቸው ለስላሳ ሲሆን፣ ከሞቱም በኋላ ኢንዛይሞች ፕሮቲኑን ፈጥነው ይሰባብሩታል። ስለዚህ ዘይቱ የመልእክቱ ተሸካሚ ሳይሆን የመልእክተኛው ባልንጀራ ነው ብንል አንሳሳትም። ሁለት ነገሮች ሁልጊዜ አብረው መገኘታቸው አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑን አያረጋግጥም።

16 ዓመት ወይስ ጥቂት ደቂቃ?

ሞለኪውሎቹ ከመንጠቆው ወደ ዓሣው የሚደርሱት እንዴት ነው? የአንድ አሚኖ አሲድ የሥርጭት መጠን በሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ካሬ ሜትር ገደማ ነው። የርቀቱን ካሬ ለዚህ ቁጥር እጥፍ ብናካፍል፣ ፈጽሞ በረጋ ውኃ አንድ ሜትር ለመጓዝ 500 ሚሊዮን ሰከንድ፣ ማለትም 16 ዓመት ያህል ይፈጃል! በሰከንድ 10 ሳንቲ ሜትር የሚጓዝ የባሕር ፍሰት ግን ያንኑ ሽታ በ10 ደቂቃ 60 ሜትር ያደርሰዋል። ኮድም ሽታው ሲደርሰው ከፍሰቱ በተቃራኒ እየዋኘ ወደ ምንጩ ይጠጋል፤ በአገጩ ላይ ባለችው አንዲት ጢም ወለሉን እየዳሰሰም ይቀምሳል። ከማባበያው የሚወጣው ሙሙት በመጀመሪያ ብዙ ሆኖ ቆይቶ ስለሚቀንስ፣ ልምድ ያለው አጥማጅ ቁራጩን ቶሎ ቶሎ ይለውጣል።

ወደ ሐይቆቻችን ስንመለስ

ኮድ በአገራችን የለም፤ አምባዛ ግን አለን። አራት ጥንድ ጢሞች ያሉት፣ በጨለማና በደፈረሰ ውኃ ምግቡን የሚያገኝ ይህ ዓሣ፣ ከዓይኑ ይልቅ በማሽተትና በመቅመስ ይታመናል። በሐዋሳና በዝዋይ ሐይቆች ብዙ መንጠቆ በታሰረበት ረጅም ገመድ ይጠመዳል፤ በየመንጠቆውም ላይ ትናንሽ ዓሣ ወይም የዓሣ ቁራጭ ይሰካል።

ነገሩ ከዕውቀት ፍላጎት የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። ማባበያ የሆነ ጫጩት ቆረሶ አድጎ አይራባም፤ ለገበያም አይቀርብም። ሐይቅ ደግሞ እንደ ባሕር ሰፊ አይደለም። ባሕሩስ ቢሆን መቼ ጸና? ካናዳ ከኒውፋውንድላንድ ዳርቻ ኮድ እየተመናመነ በመሄዱ እ.ኤ.አ. በ1992 ለንግድ እንዳይጠመድ ከለከለች፤ በአንድ ጊዜ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከሥራ ውጭ ሆኑ። ክልከላው የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2024 ነበር። በአገራችንም የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው ይህን የመሰለ ጥፋት እንዳይደርስ ነው።

በሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የጎበኘ ሰው፣ አባ ኮዳ የተባሉት ግዙፍ ወፎች የዓሣ ጭንቅላትና ሆድ ዕቃ ሲሻሙ ሳያይ አይመለስም። ዓሣን የሚጠሩት በውኃ የሚሟሙ ሞለኪውሎች ከሆኑ፣ እነዚያ ሞለኪውሎች በዚህ ተረፈ ምርት ውስጥም ሞልተዋል። ሆድ ዕቃ በመንጠቆ ላይ አይጸናም የሚል ቢኖር፣ የብሪታንያ አጥማጆች ለስላሳውን የማኬሬል ሥጋ በቀጭን የላስቲክ ክር ጠምጥመው እንደሚያስሩት እናስታውሰዋለን።

በእርግጥ ይህ መላ ምት ነው፤ መላ ምት ደግሞ በሙከራ ይፈተናል። ግማሹን መንጠቆ በጫጩት ቆረሶ፣ ግማሹን በሆድ ዕቃ አፈራርቆ በአንድ ገመድ ላይ መስካት፣ ሌሊቱን በውኃ ማሳደር፣ ጧት መቁጠር፣ ይህንኑም ደጋግሞ መሥራት ነው። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የአጥማጆችን ፈቃድና የተማሪን ትዕግሥት እንጂ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ሆይ፣ ጥያቄው በካራ ብርጭቆ ውስጥ ተነሣ፤ መልሱ ግን በሐዋሳ ዳርቻ ይጠብቃችኋል።