ሕጻኑ “ሃያ አምስት” ሲባል ለምን 205 ብሎ ጻፈ?

በመጀመሪያ ክፍሎች የሒሳብ ደብተሮች ላይ ተደጋግሞ የሚታይ አንድ ስሕተት አለ። መምህሩ “ሃያ አምስት ብላችሁ ጻፉ” ሲል አንዳንድ ልጅ 205 ብሎ ይጽፋል። በቀይ እስክሪብቶ ይሰረዝበታል፤ ውሎ አድሮም “ሒሳብ አይገባውም” የሚል ስም ይወጣለታል። ልጁ ግን የሰማውን ነው በታማኝነት የጻፈው፤ መጀመሪያ ሃያን፣ ቀጥሎ አምስትን።

ከእንዲህ ዓይነት ስሕተት ጀርባ ያለውን የልጅ ሐሳብ ማንበብ የአንደኛ ደረጃ ሒሳብ መምህር በሥልጠና ሊያዳብረው የሚገባ ቀዳሚ ሙያ ነው። መምህሩ ራሱ መደመርና ማካፈል ስለቻለ ብቻ ማስተማር ይችላል ማለት አይደለም።

የ205 ምሥጢር ያለው በአኃዝ አጻጻፍ ላይ ነው። በግዕዝ አኃዝ ሃያ አምስት ፳፭ ተብሎ ይጻፋል፤ ፳ ሃያ ነው፣ ፭ አምስት ነው። የልጁ አካሄድም ከዚህ የራቀ አይደለም። በትምህርት ቤት የሚሠራበት የቁጥር አጻጻፍ ግን ዋጋን በቦታ ይወስናል፤ በ25 ውስጥ ያለው 2 “ሁለት” ሳይኾን “ሁለት ዐሥሮች” ነው። የአማርኛ ቋንቋ ከ11 እስከ 19 ባሉት ቁጥሮች ላይ ልጁን ያግዘዋል፤ “ዐሥራ አንድ” ሲባል ዐሥር እና አንድ መኾኑ በጆሮ ይሰማል። አርባ አራትን፣ አምሳም አምስትን ቢያስታውሱም “ዐሥር” የሚለው ቃል በውስጣቸው የለም። ሃያ ደግሞ ከሁለት ጋር በድምፅ እንኳን አይገናኝም።

መፍትሔው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ጭራሮ ይበቃል። ልጆች ዐሥር ዐሥር እየቆጠሩ በልጥ ያስራሉ፤ ሃያ አምስት ማለት ሁለት እስር እና አምስት ልቅ ጭራሮ መኾኑን በእጃቸው ይዘው ያዩታል።

የጭራሮው ጥቅም ይበልጥ የሚጎላው በመቀነስ ላይ ነው። 52 ሲቀነስ 27 ስንት ነው ተብለው ሲጠየቁ 35 የሚሉ ልጆች ብዙ ናቸው። ከ2 ላይ 7 መቀነስ ሲያቅታቸው ገልብጠው ከ7 ላይ 2 ይቀንሳሉ። አምስት እስር እና ሁለት ልቅ ጭራሮ የያዘ ልጅ ግን ሰባት ጭራሮ ለመስጠት አንዱን እስር መፍታት ግድ ይኾንበታል። ያን ጊዜ አራት እስር እና ዐሥራ ሁለት ልቅ ይኖሩታል፤ ሰባቱን ሲሰጥ አምስት ልቅ፣ ሁለት እስር ሲሰጥ ደግሞ ሁለት እስር ይቀሩታል። መልሱ 25 ነው። በየክፍሉ የተለመደው “መበደር” የሚለው ቃል እዚህ ላይ ያሳስታል። አርሶ አደር የተበደረውን እህል ይመልሳል፤ በዚህ ስሌት ግን የሚመለስ ነገር የለም፤ የራስን እስር መፍታት ብቻ ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ምሁር ጀሮም ብሩነር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዕውቀት በሦስት መንገድ እንደሚያዝ ጽፏል፦ በድርጊት፣ በሥዕል እና በምልክት። ብዙ መምህር ከመጀመሪያው ወደ ሦስተኛው ይዘልላል። ጭራሮውን ባሳየ ማግሥት ሰሌዳውን በቁጥር ይሞላል፤ ሥዕሉ ይዘለላል።

ልጅ ከቤቱ ይዞት የሚመጣው ዕውቀትም ሌላ ሀብት ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ አንድ ጥናት በብራዚል ሬሲፌ ከተማ በገበያ የሚሸጡ አምስት ልጆችን ተከታትሎ ነበር። በሽያጭ ላይ ሳሉ ከቀረቡላቸው ስሌቶች 98 በመቶውን በትክክል ሠሩ፤ ተመሳሳይ ስሌት ያለ ገበያው ታሪክ በቁጥር ብቻ ሲቀርብላቸው ግን ትክክለኛው መልስ ወደ 37 በመቶ ወረደ። ቅዳሜ እናቱን ተከትሎ እንቁላል የሚሸጥ የገጠር ልጅም ሰኞ ክፍል ውስጥ ሲገባ ይህ ሊገጥመው ይችላል። አንድ ጥማድ ሩብ ሔክታር ተብሎ ቢያዝ፣ ለአንድ ሔክታር 100 ኪሎ ግራም ማዳበሪያ ቢባል፣ ለሦስት ጥማድ ባለ 50 ኪሎው ከረጢት ስንት ያስፈልጋል? አንድ ተኩል ከረጢት። ክፍልፋይን ለማስተማር ከዚህ የቀረበ ምሳሌ በገጠር ትምህርት ቤት አይገኝም።

ጭራሮና የገበጣ ገበቴ ማየት ለተሳነው ልጅም ያገለግላሉ፤ በእጅ ይዳሰሳሉ። መምህሩ ግን አንደበቱን ማረም ይኖርበታል። በጣቱ እየጠቆመ “ይህ ከዚህ ሲቀነስ” ሲል ለዚያ ልጅ ምንም አላለም፤ “ሃያ ሰባት ከአምሳ ሁለት ሲቀነስ” ማለት አለበት። ወደ ሰሌዳው ዞሮ የሚናገር መምህር ደግሞ ከንፈር አይቶ የሚረዳውን ልጅ ከትምህርቱ ያስወጣዋል። በተጨናነቀ ክፍል የቡድን ሥራ ሲሰጥ ጭራሮውን አንድ ፈጣን ልጅ ጠቅልሎ ከያዘው የቀሩት ተመልካች ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ተራ መስጠት የመምህሩ ድርሻ ነው። በአጨዳ ወቅት ሳምንት ቀርቶ ለተመለሰ ልጅም ከጓደኛው ጋር እስር እየፈታ የሚያሳልፈው ዐሥር ደቂቃ “ለምን ቀረህ?” ከሚለው ቁጣ ይልቅ ይጠቅመዋል።

ይህ ሁሉ በንባብ ብቻ አይለመድም። ሠልጣኝ መምህራን በተግባር ልምምድ ወቅት አንዱ ሲያስተምር ሌሎቹ ቢመለከቱ ጥሩ ነው፤ ዓይናቸው ግን በሚያስተምረው ላይ ሳይኾን በልጆቹ እጅና ደብተር ላይ ቢያርፍ። ሌላው ከባድ ልምምድ ዝም ማለት ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መኾኑን፣ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲታገሡ ግን የተማሪዎች መልስ እንደሚረዝምና ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር እንደሚጀምሩ አሳይታለች።

ወላጆችም “ስንት አገኘህ?” ከማለት “እንዴት አገኘኸው?” ብለው ቢጠይቁ፣ ማንበብ የማይችል አባት እንኳን የልጁን አስተሳሰብ መከታተል ይችላል።

ወደ 205 ሲመለስ፣ ከካርቶን የሚቆረጡ ሁለት ካርዶች ይበቃሉ፤ በረጅሙ ላይ 20፣ በአጭሩ ላይ 5 ይጻፋል። ልጁ 5ን በ20ው ዜሮ ላይ ሲደርበው 25 ይነበባል። አንሥቶ ሲያይም ዜሮው ከሥር እንዳለ ነው።