ኮምፒዩተሩ ሲሰናከል ጥፋቱ የማን ነው?



ጅቡቲ ከተማ ከገባችሁ ጀምሮ ያለ አስተርጓሚ የፈጸማችሁት ጉዳይ ስንት ይሆናል? ቢሮው ፈረንሳይኛ ይናገራል፤ ገበያው ሶማልኛና አፋርኛ፤ እናንተ ደግሞ በአማርኛ ታስባላችሁ። ስለዚህ በእናንተና በጸሐፊው መካከል አንድ ሰው ይቀመጣል። እናንተ «በቀጠሮዬ ቀን ያልመጣሁት ልጄ ታሞብኝ ነው» ብላችሁ፣ እርሱ ምክንያቱን ዘሎ «አልመጣሁም ይላል» ብቻ ብሎ ቢያልፈው፣ ስሕተቱ የእርሱ ሆኖ ሳለ ፋይሉ ላይ የሚጻፈው ግን በእናንተ ስም ነው።

በኮምፒዩተር ውስጥም እንዲህ ያለ አስተርጓሚ አለ። ኮምፓይለር ይባላል። ሰው ፕሮግራም የሚጽፈው «ሲ» እንደሚባለው ባለ የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ ኮምፒዩተሩ የሚገባው ግን ቁጥር ብቻ ነው። ኮምፓይለር የሰውየውን ጽሑፍ ወደ ቁጥር ይገለብጣል። እርሱም ራሱ ሰው የጻፈው ፕሮግራም ስለሆነ ይሳሳታል፤ በተለይም ገና በሙከራ ላይ ያለ አዲስ ዕትም ከሆነ።

ይህን ያነሣንበት ምክንያት አለን። ባለፈው የሙቀት ወራት አንድ ተማሪ በክፍላችን አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ በሙከራ ላይ ያለ ኮምፓይለር ጫነ፤ በእርሱም የሊኑክስን ከርነል እንደገና ሠራ። ከርነል ማለት መሣሪያውን ሁሉ የሚያዝዘው የሥርዓቱ እንብርት ነው። ልጁ ቦታ ለመቆጠብ ብሎ የድሮውን ከርነል ደመሰሰ። በማግሥቱ ኮምፒዩተሩ ሲከፈት መንገድ ላይ ቆመ፤ የጓደኞቹ የዓመት ሥራም ውስጡ ተዘጋበት። ልጁ «አጥፍቻለሁ» ብሎ ሦስት ቀን ትምህርት ቤት ሳይመጣ ቀረ።

እንዲህ ያለው ነገር በትልልቆቹም ላይ ደርሷል። ሬድ ሃት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2000 ባወጣው የሊኑክስ ዕትም 7.0 ውስጥ፣ ጂሲሲ የተባለውን ኮምፓይለር ገና በመሠራት ላይ ሳለ ወስዶ 2.96 በሚል ቁጥር አወጣው። የጂሲሲ ሰዎች ግን በዚህ ቁጥር ያወጡት ዕትም አልነበረም፤ በሚቀጥለው ወር ይህንኑ በይፋ አስታወቁ። ልብ በሉ፣ ኩባንያው ራሱ ለከርነል መሥሪያ ብቻ የሚሆን አሮጌ ኮምፓይለር ለይቶ አብሮ አስቀምጦ ነበር። ብዙ ሰው በኩባንያው ተቆጥቷል፤ እኔ ግን ያቺን አሮጌ ማስቀመጣቸውን አደንቃለሁ። የእኛ ተማሪ የጎደለችው ይህችው ብልሃት ናት።

ከዚህ የባሰው እ.ኤ.አ. በጁላይ 2014 የሆነው ነው። የሊኑክስ 3.16 ከርነል በሙከራ ላይ ሳለ፣ ጂሲሲ 4.9.0 በተባለው አዲስ ኮምፓይለር ሲሠራ በድንገት ይወድቅ ጀመር። አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ1991 በፊንላንድ ተማሪ ሳለ ሊኑክስን የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ፣ ኮምፓይለሩ ያወጣውን የማሽን ትእዛዝ ተቀምጦ አነበበ። ኮምፓይለሩ አንድ ዋጋ በማስታወሻው ላይ ያስቀምጣል፤ ቦታውን የሚይዘው ግን ካስቀመጠ በኋላ ነው። ይህ ማለት ገበያ ወጥታችሁ መደብ ሳትይዙ ዘንቢላችሁን መሬት ላይ እንደ መተው ነው። በመካከሉ ሌላ ነጋዴ ከመጣ ዘንቢሉን ገፍቶ የራሱን ይዘረጋል። አብዛኛውን ጊዜ ማንም ስለማይመጣ ስሕተቱ የሚታየው አልፎ አልፎ ብቻ ነበር። የሚገርመው ደግሞ፣ ስሕተቱን የቀሰቀሰው ስሕተት ለመፈለግ እንዲረዳ ተብሎ ወደ ፕሮግራሙ የሚጨመረው መረጃ ነው። ከርነሉ ያንን የኮምፓይለሩን ሥራ በከፊል የሚያስቆም ትእዛዝ ተጨምሮበት ወጣ።

ይሁን እንጂ ሁልጊዜ አስተርጓሚውን መክሰስ ደግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በሊኑክስ ውስጥ አንድ ቁራጭ ፕሮግራም በመጀመሪያ አንድ አድራሻ ከፍቶ ያነብ ነበር፤ ከዚያ በኋላ «አድራሻው ባዶ ነውን?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ኮምፓይለሩም «ባዶ ቢሆን ኖሮ አስቀድሞ ባልተነበበ ነበር» ብሎ ጥያቄውን ሰረዘው። በዚያም በኩል ለሰርጎ ገቦች በር ተከፈተ። በሲ ቋንቋ ሕግ መሠረት ኮምፓይለሩ አላጠፋም፤ ሳይጠይቅ ያነበበው ጸሐፊው ነው።

እንግዲህ በእናንተ እጅ ሲሆን ከምን ትጀምራላችሁ? ከሙቀቱ ጀምሩ። በጁላይ የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ካምሲን ሲነፍስ ደግሞ አቧራው የኮምፒዩተሩን ማራገቢያ ያፍናል። ኮምፓይለሩ በሥራ ላይ ሳለ ራሱ ከወደቀ እንደገና አስጀምሩት። በዚያው ፋይል፣ በዚያው መስመር ላይ ከወደቀ ነገሩ የሶፍትዌር ነው። አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ የሚወድቅ ከሆነ ግን ማስታወሻው ተበላሽቶ ወይም ማሽኑ ግሎ ሊሆን ስለሚችል፣ አጥፉት፣ አቧራውን ጥረጉ፣ ማታ ሞክሩት።

ኮምፓይለሩ ሥራውን በደኅና ጨርሶ የሚሰናከለው የተሠራው ፕሮግራም ከሆነ፣ ያንኑ ጽሑፍ በአሮጌው ኮምፓይለር ሥሩት። በሁለቱም ከተሰናከለ ጽሑፉን መርምሩ። በአሮጌው ሠርቶ በአዲሱ ብቻ እምቢ ካለ ግን፣ ፋይሎቹን ለሁለት ከፍላችሁ ግማሹን በአሮጌው፣ ግማሹን በአዲሱ ሥሩና አገናኙአቸው። ከተሰናከለ ጥፋቱ በአዲሱ በተሠራው ግማሽ ውስጥ ነው፤ ከሠራ በሌላኛው። ያንን ደግሞ ለሁለት ክፈሉ። 1,000 ፋይል ቢኖር በ10 ዙር አንድ ፋይል ላይ ትደርሳላችሁ። በየዙሩ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ የለወጣችሁትንም በደብተር ጻፉ። ይህ መንገድ ለሲ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። የተገኘው ፋይል ውስጥ ያለው ስሕተት የጸሐፊው ይሁን የኮምፓይለሩ፣ ከ2009ኙ ታሪክ እንዳያችሁት፣ ቋንቋው የሚፈቅደውን አንብቦ መለየት ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ ስትሠሩ የድሮው ከርነል በቦታው ይቆይ። ኮምፒዩተሩ ሲከፈት የትኛውን እንደምትመርጡ ይጠይቃችኋል፤ አዲሱ ከወደቀ በአሮጌው ትገባላችሁ።

ወላጆች ልጆቻችሁ «ኮምፒዩተር አበላሸሁ» ብለው ቢመጡ ከመቆጣታችሁ በፊት ምን እንደለወጡ ጠይቋቸው። ከላይ ያነሣነውን ልጅ እናቱ በአራተኛው ቀን ይዘውት መጡ። ዲስኩ ወጥቶ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተገጠመ፤ የጓደኞቹም ሥራ አንድም ሳይጎድል ተገኘ። አሮጌውን ከርነል መልሶ ከጫነ በኋላ አሁን በየማታው ፋይሎቹን ለሁለት እየከፈለ ነው፤ ስድስተኛው ዙር ላይ ደርሷል።