ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ (1857 ዓ.ም. ገደማ – 1945 ዓ.ም.) በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ናቸው። የተወለዱት ጎንደር ሲሆን በሕፃንነታቸው ከመቅደላ አምባ በእንግሊዝ ጦር ተወስደው ሕንድ አገር አደጉ። በጽሑፎች ውስጥ ሐኪም ወርቅነህ፣ አዛዥ ወርቅነህ ወይም ዶክተር ቻርልስ ማርቲን እየተባሉ ይጠራሉ። ስለ እርሳቸው ማንበብ የሚፈልግ ሰው በሦስቱም ስም መፈለግ ይኖርበታል፤ አለዚያ የሕይወታቸው ግማሽ ያመልጠዋል።

ከመቅደላ መወሰዳቸው

መቅደላ ከመካነ ሰላም በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ከበሽሎ ወንዝ በስተደቡብ የሚገኝ ዙሪያው ገደል የሆነ አምባ ነው። ዛሬ አምባ ማርያም ይባላል፤ በደቡብ ወሎ ዞን ውስጥ ይገኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ በዘመናቸው መጨረሻ ምሽጋቸውና እስር ቤታቸው አድርገውት ነበር። አባታቸው ነጋድራስ እሸቴ ወልደ ማርያም ጎንደሬ ነበሩ፤ ቤተሰቡም ወደ አምባው ከተወሰዱት ጎንደሬዎች መካከል ነበር።

በጄኔራል ናፒየር የተመራው 13,000 ያህል ወታደር ያለው የእንግሊዝና የሕንድ ጦር ከዙላ ተነሥቶ፣ መድፎቹን በዝሆን አስጭኖ፣ በሽሎን ተሻግሮ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባውን ያዘ። ንጉሠ ነገሥቱ እጃቸውን ላለመስጠት በዚያው ዕለት ራሳቸውን ገደሉ። በግርግሩ የሦስት ወይም የአራት ዓመቱ ወርቅነህ ከቤተሰቡ ተለያይቶ ተገኘ። ኮሎኔል ቻምበርሌን የሚባል መኮንን ሕፃኑን ይዞት ወደ ሕንድ ሄደ። እርሱ ከሞተ በኋላ ደግሞ ኮሎኔል ማርቲን የሚባል ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ሸፈነ። «ቻርልስ» ከአንዱ፣ «ማርቲን» ከሌላው የተወሰደ ስም ነው።

በዚያው ጊዜ ከመቅደላ የተወሰደው ሌላው ሕፃን፣ የንጉሡ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ፣ እንግሊዝ አገር አድጎ በ18 ዓመቱ እዚያው ሞቷል። የልዑሉን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል። የወርቅነህ ግን እምብዛም አይነገርም፤ የተመለሰው እርሱ ሆኖ ሳለ።

ትምህርትና ሥራ

ወርቅነህ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1882 ከላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተመረቁ። ቀጥሎም ወደ ስኮትላንድ ሄደው በኤድንብራና በግላስጎው በሕክምናና በቀዶ ሕክምና ተጨማሪ የሙያ ፈቃድ አገኙ። ከዚያም እንግሊዞች በቅርቡ በያዟት በርማ (የዛሬዋ ምያንማር) የመንግሥት ሐኪም ሆነው ተመደቡ።

ወደ አገራቸው ለመመለስ ያነሣሣቸው የአድዋ ድል ወሬ ነው። ፈቃድ ወስደው በ1892 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሱ። አማርኛውን ፈጽመው ረስተውት ስለነበር በአስተርጓሚ ነበር የሚነጋገሩት። በከተማው ሕመምተኞችን ማከም እንደጀመሩ «ከመቅደላ የተወሰደ ልጅ ሐኪም ሆኖ መጣ» የሚለው ወሬ ተዛመተ። ይህን የሰሙ አያታቸው መጥተው በገላቸው ላይ ባሉ ጠባሳዎች ለዩአቸው። ወርቅነህ የሚለውን የልጅነት ስማቸውን መልሰው ያገኙትም በዚህ ጊዜ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖሩት በሌላ ሰው ስም ነበር ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ ለስብራት ወጌሻ፣ ለሌላው ሕመም ጠበልና የባሕል መድኃኒት ነበር የሰው ተስፋ። በአዲስ አበባ የነበረው ሆስፒታል ከአድዋ ጦርነት በኋላ የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ያቋቋመው ነው፤ ሐኪሞቹም የውጭ ሰዎች ነበሩ። ከሐኪሞች መካከል የአገር ልጅ ሲገኝ ሕዝቡ ለምን እንደተደነቀ መገመት አያስቸግርም። «ሐኪም» የሚለው መጠሪያ ከስማቸው ሳይለይ እስከ ዛሬ ኖሯል፤ በኋላ ከተሰጣቸው የአዛዥነት ማዕረግ ይልቅ ሰው የሚያውቃቸው በእርሱ ነው።

ሆኖም ፈቃዳቸው ሲያልቅ ወደ በርማ ተመለሱ፤ ደመወዛቸውም ጡረታቸውም ያለው እዚያ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1913 በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው ሲሠሩ የታመሙትን ዐፄ ምኒልክን ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ነበሩ። ለመቅረት የመጡት ግን እ.ኤ.አ. በ1919 ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉ ይባሉ ነበር።

ከሕክምና ውጭ

ከዚህ በኋላ ከሕክምናው ይልቅ የመንግሥት ሥራው በዛ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በኃላፊነት መሩ፤ ነጻ ለወጡ ባሮች ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ የጂኦግራፊ መጽሐፍም በአማርኛ አሳተሙ። ቋንቋውን በጎልማሳነት እንደገና ለተማረ ሰው ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። የጨርጨር ገዥ ሆነው መቀመጫቸውን አሰበ ተፈሪ (የዛሬዋ ጭሮ) በማድረግ አውራጃውን ለሌሎች አርአያ እንዲሆን ለማደራጀት ሞክረዋል።

የጣሊያን ወረራ ሲመጣ ለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። ያሳደጋቸውን መንግሥት ለኢትዮጵያ መሣሪያና ገንዘብ እንዲሰጥ መለመን የእርሳቸው ፋንታ ሆነ፤ ያገኙት ግን ጥቂት ነው። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በተፈጸመው ጭፍጨፋ ቢንያምና ዮሴፍ የተባሉ ሁለት ልጆቻቸው በጣሊያኖች ተገደሉ። አባትየው ያን ጊዜ ስደት ላይ ነበሩ። ከስደት ዓመታቸው ከፊሉን ያሳለፉት ልጅ ሆነው በተወሰዱባት ሕንድ ነው።

ከነጻነት በኋላ ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ዐረፉ። ለብዙ ዓመታት በእንግሊዝኛ የጻፉት የዕለት ማስታወሻ ተርፏል፤ የታሪክ ምሁሩ ፒተር ጋሬትሰን እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተመው የሕይወት ታሪካቸው በዋናነት የተመሠረተው በዚሁ ማስታወሻ ላይ ነው።