ጠባቂ ያጣ የሶፍትዌር ክፍል ይቅር ወይስ ይቆይ?

በቤቴልም ሆነ በመርካቶ ያለ ባለ ሱቅ በየጊዜው መደርደሪያውን እየተመለከተ፥ ገበያ ያጣውን ዕቃ ከሚፈለገው መለየት የተለመደ ሥራው ነው። የማይሸጥ ዕቃ ቦታ ይይዛል፤ ገንዘብም ያስራል። ነገር ግን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠየቅ፥ በተጠየቀ ጊዜ ግን ሌላ የማይተካው ዕቃም አለ። ይህን የመሰለው ፍርድ ዛሬ የንግድ ሒሳብ የሚያዝባቸውን ሶፍትዌሮች በሚያዘጋጁ ሰዎች ዘንድም የዘወትር ክርክር ሆኗል። የክርክሩ ፍጻሜ ነጋዴውን የሚነካ ስለ ሆነ ነገሩን መረዳት ይጠቅማል።

ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የሚባለው፥ የአሠራሩ ጽሑፍ ለሁሉ ግልጽ የሆነ፥ ማንም ወስዶ ሊሠራበት፥ ሊያርመውና ሊያሻሽለው የተፈቀደ ሶፍትዌር ነው። ከክፍሎቹ ብዙዎቹን የሚጠብቁት በፈቃዳቸው ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ጠባቂ ማለት ስሕተት በተገኘ ጊዜ የሚያርም፥ ለጥያቄም መልስ የሚሰጥ ሰው ነው። ጠባቂው ሥራ የለወጠ ወይም የደከመ እንደ ሆነ፥ ክፍሉ በሶፍትዌሩ ውስጥ እንዳለ ይቀራል፤ ኀላፊ ግን አይኖረውም።

እንዲህ ያለውን አሮጌ ክፍል ማቆየት ዋጋ ያስከፍላል። ሎግ ፎር ጄ የተባለው፥ ኮምፒዩተሮች የሠሩትን የሚመዘግቡበት ሶፍትዌር፥ እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. ከሌላ ኮምፒዩተር መረጃ ፈልጎ የሚያመጣ አንድ ክፍል ተጨመረለት። አዘጋጆቹ ክፍሉን ባይወዱትም፥ የቀድሞ ተጠቃሚዎች ሥራ እንዳይበላሽ ሲሉ አቆዩት። በዲሴምበር 2021 ዓ.ም. ግን ማንም ባዕድ ሰው በዚህ በር ገብቶ የራሱን ትእዛዝ በሌላው ኮምፒዩተር ላይ ሊያስፈጽም እንደሚችል ታወቀ። በመላው ዓለም ያሉ ኩባንያዎችና መሥሪያ ቤቶች ተሸበሩ፤ በሩም የተዘጋው ከዚህ በኋላ ነው።

ማስወገድም ቢሆን ዋጋ አለው። ለዚህ ምስክር የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ1993 ዓ.ም. የተመሠረተው ዴቢያን ነው። በፌብሩዋሪ 2009 ዓ.ም. 5ኛው እትም ሲወጣ፥ ሶፍትዌሩን በኮምፒዩተር ላይ የሚጭነው ክፍል በ63 ቋንቋዎች ይሠራ ነበር። ከአዲሶቹ አንዱ አማርኛ ነበረ። በዚያው እትም የኤስቶንያ ቋንቋ ተሰረዘ፤ ምክንያቱም ትርጉሙን የሚያድስ ሰው በመጥፋቱ ነው። ቀደም ሲል ታግዶ የነበረው የዌልስ ቋንቋ ግን ተመለሰ። የኤስቶንያውም ቢሆን በ2011 ዓ.ም. በወጣው በ6ኛው እትም እንደገና ገባ። እንግዲህ ቋንቋውን ያስወጣው የሠራተኛ መታጣት እንጂ የቋንቋው ማነስ አልነበረም ማለት ነው። አማርኛም በዚሁ ሕግ ሥር ይገኛል።

ስለዚህ ውሳኔው በክፍሉ እድሜ ወይም በተጠቃሚዎቹ ቍጥር ብቻ ሊፈረድ አይገባም። መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው፥ ስሕተት ቢገኝ የሚያርም ሰው አለ ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው፥ ክፍሉ የደረሰበት ችግር ሌላውን ሥራ ሁሉ ያሰጋል ወይ የሚለው ነው። ሦስተኛው ደግሞ፥ በእርሱ የሚገለገሉ ሰዎች ወደ ሌላ የሚሻገሩበት መንገድና በቂ ጊዜ አላቸው ወይ የሚለው ነው። በሊኑክስ ዘንድ ራይዘር ኤፍ ኤስ የተባለው የፋይል ማከማቻ ስልት እንደሚወገድ በ2022 ዓ.ም. ተነግሮ፥ የተወገደው በጃንዋሪ 2025 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባለ ንብረቶች መዝገባቸውን ወደ ሌላ ስልት ለማዛወር ጊዜ አገኙ።

ይሁን እንጂ አንድ ከባድ ችግር አለ። በነፃ የሚወሰድ ሶፍትዌር የሽያጭ ደረሰኝ የለውም፤ አዘጋጆቹም በእያንዳንዱ ክፍል ስንት ሰው እንደሚገለገል በትክክል ማወቅ አይችሉም። በቤቴል የሚገኝ ባለ ሱቅ ዕቃውን በአማርኛ ቢመዘግብ፥ የዱቤ መክፈያ ቀኑንም በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ቢያሰላ፥ ይህን ያወቀለት የለም። ክፍሉ ሲበላሽ ዝም ካለ፥ እንደሌለ ደንበኛ ይቆጠራል።

ስለዚህ አስመጪው፥ ላኪውና ባለ ሱቁ፥ ሒሳባቸውን የሚይዙበት ሶፍትዌር ምን እንደ ሆነና በየትኞቹ ክፍሎቹ እንደሚገለገሉ ለይተው ማወቅ ይገባቸዋል። አዲስ እትም በወጣ ጊዜ ሊቀሩ የታሰቡት ክፍሎች ማስታወቂያ በባለሙያ ይነበብላቸው። የመዝገባቸውን ግልባጭ በሌላ ሶፍትዌር ሊከፈት በሚችል መልክ ያስቀምጡ። የሚያስፈልጋቸው ክፍል ጠባቂ ያጣ እንደ ሆነም፥ በአንድ ሙያ ያሉ ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጥተው ለአንድ ወጣት ባለሙያ ሥራውን ቢሰጡት፥ ክፍሉ ተወግዶ ሌላ ሶፍትዌር ከመግዛት ይልቅ ወጪው ሊያንስ ይችላል። የሚጠብቀው ያገኘ ክፍል ይቆያል፤ ያላገኘው ግን ዛሬ ባይወገድ ነገ መወገዱ አይቀርም።